እንዶዱን በሜትር እንለካው፦ ከጎንደር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ወገን፣ ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው። ለምን እንደሆነ ግን አስቀድመን እንንገራችሁ።

የሂሳብና የባዮሎጂ መምህራን፣ ተማሪዎችና ጡረተኞች ተሰባስበን አዘዞ አካባቢ ባገኘናት ቁራሽ መሬት ላይ የተለያዩ የእንዶድ ዝርያዎችን ልንተክል ተነስተናል። እንዶድን ማን አያውቀውም? እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የሚባለውን፣ ከውኃ የሚይዝ የጥገኛ ትል በሽታ የምታዛምተው ቀንድ አውጣ ናት። ደምቢያ ዘመድ ላለው ሰው ስለዚህ በሽታ እኛ አንነግረውም።

በኋላ የሥራ ባልደረባቸው ተመራማሪው ለገሰ ወልደዮሐንስ ከየቦታው የተሰበሰቡ ዝርያዎችን አወዳድረው «ዓይነት 44» የሚባለውን መረጡ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እኛን የሳበን ማወዳደሩ ነው። አንድ ዝርያ ሌላ ቦታ አንደኛ ስለወጣ በጎንደር ብርድም አንደኛ ይወጣል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከደምቢያ፣ ከጭልጋና ከዳባት የምናመጣቸውን ጎን ለጎን ተክለን እንለካለን።

ሂሳቡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዓይን ያታልላል። የአንዱ ችግኝ ሐረግ በወር ከ10 ሳንቲሜትር ወደ 20 አደገ እንበል፤ የሌላው ከ40 ወደ 50። ሁለቱም 10 ሳንቲሜትር ጨመሩ፤ ዓይን የሚሞላው ግን ረጅሙ ነው። ትንሹ እኮ እጥፍ ሆኗል! ስንት እጥፍ እንዳደጉ ለማየት የርዝመቶቹን ናቹራል ሎግ (የተፈጥሮ ሎጋሪዝም) ወስደን የመጀመሪያውን ከመጨረሻው ስንቀንስ የትንሹ ፍጥነት በወር 0.69፣ የትልቁ 0.22 ገደማ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ልዩነት ነው።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ተክል መጀመሪያ ይንፏቀቃል፣ ከዚያ ይመነደጋል፣ በመጨረሻ ይረጋል። ሎጂስቲክ የሚባለው ቀመር ዕድገቱ ከሁሉ በላይ የሚፈጥነው ተክሉ የመጨረሻ መጠኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው ይላል። ጎምፐርዝ የሚባለው ደግሞ 37 በመቶ ገደማ ላይ ያደርገዋል። የትኛው ለየትኛው ዝርያ እንደሚስማማ የሚነግረን ሳይቋረጥ የተያዘ ልኬት ብቻ ነው። ቀንድ አውጣዋን ለመግደል የሚፈለገው ፍሬው ስለሆነ፣ ሲያፈራ ፍሬውንም እንመዝናለን።

ከሁሉ በፊት ያስቸገረን ውኃ ነው። የጎንደርን ውኃ ጠባይ ታውቁታላችሁ፤ መጣች ስትሉ ትሄዳለች። አንዱ መደብ ጠጥቶ ሌላው ከተጠማ የምናወዳድረው ዝርያ ሳይሆን ባልዲ ይሆናል። ስለዚህ ቅድሚያ የምንሰጠው ለሮቶና ለቧንቧ ነው። ለፍየል መከላከያ አጥር፣ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ኤክሴል የሚከፍት አሮጌ ላፕቶፕም ያስፈልገናል። ባህር ማዶ ያላችሁ፣ ሳጥን ውስጥ የተኛ ላፕቶፕ እንዳላችሁ እናውቃለን!

የባንክ ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ነው። የወጣው ሁሉ ከነደረሰኙ በር ላይ ይለጠፋል። በነገራችን ላይ እንዶድ መርዝነት ስላለው ለመጠጣት ብሎ የሚጠይቀንን አንሰጥም።

ገንዘብ ያልተረፈው ጉልበቱን ያምጣ፤ ቅዳሜ ጠዋት ልኬት አለ፣ አስተባባሪዎቹም እዚያው ናቸው። ከየጓሯችሁ የእንዶድ ቁራጭም እንቀበላለን። ከየትኛው ቀበሌ እንደተቆረጠ ግን ጻፉበት፤ ያልተጻፈበትን አንተክልም።