ባትሽን አሳዪኝ

ልጄ፣ የኔ ቆንጆ፣

ትናንት በቪዲዮ ሳይሽ አራስ ቤትሽ አምሮበታል። ገንፎውም ደርሶሻል። ሜሪላንድ ላይ እንዲህ የሚንከባከቡሽን ሴቶች እድሜ ይስጣቸው። «አርባ ቀን ከአልጋ እንዳትወርጂ» ያሉሽን ግን እኔ እናትሽ ሽሬዋለሁ፤ ብዙ መተኛት እግር ላይ ደም ሊያረጋ ይችላል። ሐኪምሽ ከፈቀደችልሽ ተነሽና ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ በዪ።

ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ወንድምሽን በኦፕራሲዮን ወልጄ በሦስተኛው ሳምንት ግራ ባቴ አበጠ። አንዱ ብቻ። ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማል። «ብርድ ነው» ተባለና በቅቤ ታሸሁ። ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ለካ ደም ረግቶበት ኖሯል፤ እንዲህ ያለ እግር አይታሽም። ከሁለት ቀን በኋላ ቁጭ ባልኩበት ትንፋሽ አጠረኝ። አየር በሳብኩ ቁጥር ጎኔን ይወጋኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። ሴቶቹ «ምች ነው፣ ውጋት ነው» እያሉ ዳማከሴ ሲጨምቁ አባትሽ ታክሲ አቁሞ ይዞኝ በረረ። ከእግሬ የተነሳው የረጋ ደም ሳንባዬ ገብቶ የደም ሥር ዘግቷል። መጀመሪያ መርፌ፣ ከዚያ ለወራት የደም ማቅጠኛ ኪኒን።

ያቺ የምትወጃት የቴኒስ ተጫዋች ሴሪና ዊሊያምስም ደርሶባታል። በፈረንጆቹ 2017 በኦፕራሲዮን በወለደች ማግስት ትንፋሽ አጠራት። ቀድሞም ይዟት ስለሚያውቅ «ሲቲ ስካን አንሱኝ፣ ደም ማቅጠኛ ስጡኝ» አለች። ሐኪሞቹ ግን መጀመሪያ እግሯን በአልትራሳውንድ አዩ። ምንም የለም። በኋላ ሲቲ ስካኑ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም አገኘ። ስለዚህ እግሬ ደህና ነው ብለሽ አትዘናጊ።

የወለደች ሴት ይበልጥ የሚያሰጋት የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ናቸው። ትንፋሽሽ ድንገት ካጠረ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ደም ካሳለሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ የአራስ ድካም ነው እንዳትይ። ወደ ድንገተኛ እርዳታ ቁጥር 911 ደውሉ። ለእኔ መደወሉ ይቆየኝ። ሆስፒታል ስትደርሺም «በቅርቡ በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ፣ እናቴንም የደም መርጋት ይዟት ያውቃል» በያቸው። አደራ፣ ቀና ብለሽ ተናገሪ፤ ይሉኝታሽን አውቀዋለሁ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ሲያዙልሽም ይህንኑ ንገሪ፤ ደም የሚያረጋ ዓይነት አለው።

ዛሬ ማታ ስደውል ካሜራውን ወደ እግርሽ አዙሪልኝ። ሁለቱንም ባትሽን ልይ። ልጁን በኋላ አየዋለሁ።

እናትሽ