ግጥሙ ድምፅ ሲያገኝ፦ የሥነ ጽሑፍና ሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ያተኮረው አንድ ነገር ላይ ነው፤ የራሳቸውን ግጥም በራሳቸው ዜማ የሚጫወቱ ድምፃውያንን ማዳመጥና ከእነሱ ተምሮ መጻፍ። አባላቱ የሚያመጧቸው ግጥሞች ለዓይን ያምራሉ። ጮክ ተብለው ሲነበቡ ግን ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ግጥም በጆሮም እንደሚጻፍ የሚያሳየን ሰው ያስፈልገን ነበር።

የጀመርነው በክርክር ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ የዘፈን ግጥም ሥነ ጽሑፍ ነው ወይስ አይደለም የሚል ሙግት ተነስቶ ነበር። ጥያቄውን ለአባላቱ አቀረብኩት፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ግጥም ያለ ሙዚቃ ብቻውን መቆም አለበት አለ። ሌላው ደግሞ ሊዘፈን የተጻፈን ነገር ዜማውን ገፎ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው ብሎ ሞገተ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። የዘፈን ግጥም ወረቀት ላይ ግማሹ ብቻ ነው ያለው። ይህንን ለማየት የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) ግጥሞች መጀመሪያ ያለ ዜማ አነበብናቸው፤ ቀጥለን ዘፈኑን ከፈትን። ስናነብ እንደ ዋዛ ያለፍነው ድግግሞሽ በድምፅዋ ሲመጣ ክፍሉን ጸጥ አሰኘው።

“እኔ ገጣሚ ነኝ እንጂ ዘፋኝ አይደለሁም” ለሚሉት የካናዳዊውን ገጣሚና ዘፋኝ የሌናርድ ኮኸንን ታሪክ ነገርኳቸው። የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። የመጀመሪያ አልበሙ የወጣው በ1967፣ በ33 ዓመቱ። በመካከሉ ልብ ወለድም ጽፏል። የካናዳዊቷ ዘፋኝ የጆኒ ሚቸል ታሪክ ደግሞ ጊታር የሚለማመዱትን ነካቸው። በልጅነቷ በያዛት ፖሊዮ የግራ እጇ ደክሞ ስለነበር የተለመደው የጊታር አያያዝ ይከብዳት ነበር። ስለዚህ የክሮቹን ቅኝት ለራሷ እንዲመች እየለዋወጠች ተጫወተች። ያ ቅኝት የሙዚቃዋ መለያ ሆነ። ጣቶቿ አልደርስ እያሉ ልትተወው የነበረች አንዲት አባል ከዚያ ቀን በኋላ ጊታሩን ከእጇ አላወረደችም።

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የመጣው ግን ከአንድ ስንኝ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ “ርቀትህን የሚለካ ምንም ዓይነት መለኪያ አላገኘሁም” የሚል መስመር ጽፋ ነበር። ሲነበብ ምንም አይልም። ጓደኛዋ በጊታር ሊዘፍነው ሲሞክር ግን “መለኪያ” ላይ ሳይደርስ ትንፋሹ አለቀ። መጨረሻ ላይ ያለው “ም” ደግሞ አፍ ያስዘጋል፤ ቢፈልግም ሊያስረዝመው አይችልም። ልጅቷ ተከፋች። ደብተሯን ይዛ ሄደች፤ በሚቀጥለው ስብሰባ “በምን ልለካው ርቀትህን?” ብላ መጣች። ልጁ “ልለካው” ላይ ድምፁን ለቀቀው፣ “ካ”ን እንደፈለገ ሳበው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ስንኙን አፉ ላይ ሳይሞክር አያመጣም። ስድስት ስድስት ቀለም እያሉ የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ መቁጠርም ለብዙዎቹ የፈተና ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ ዘፋኝ የት እንደሚተነፍስ ማወቂያ ሆነ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ ሙዚቀኛ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለ ማይክ ተጫወተልን። ሁሉም በቅርብ ተቀምጦ ጣቶቹን ያያል፣ ትንፋሹን ይሰማል። አንድ ስንኝ ላይ ጊታሩን ጭራሽ አቁሞ በድምፁ ብቻ አለፈ። ከቀረጻው ጋር ያወዳደሩ አባላት ይህ እዚያ እንደሌለ ወዲያው ነቁ። ለምን እንዳደረገው ሲጠይቁት፣ ፊታቸውን ሲያይ ቃሉ ብቻውን እንዲሰማ መፈለጉን ነገራቸው። በቀጥታ የሚቀርብ ሙዚቃ የሚያስተምረው ይህንን ነው። አድማጭም የሥራው አካል ነው።

ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ስንለማመድ ሁሉም የሚፈሩት መድረክ ላይ ግጥም መርሳትን ነበር። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ፓቲ ስሚዝ በዚያው በ2016 የኖቤል ሥነ ሥርዓት ላይ ዲላንን ወክላ የእሱን ዘፈን ስትዘፍን የሆነውን አሳየኋቸው። መሃል ላይ ተደናቀፈች። ቆመች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ መጨነቋን በግልጽ ተናግራ እንደገና ጀመረች። ታዳሚው አጨበጨበላት። በዝግጅታችን ቀን አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሁለተኛው አንጓ ላይ ጠፋበት። ወደ ጊታር ተጫዋቹ ዞሮ “ከአዝማቹ እንመለስ” አለውና ቀጠለ። አዳራሹ አዝማቹን አብሮት ዘፈነ። እኔ በበኩሌ ከዝግጅቱ ሁሉ የኮራሁት በዚህ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አባላቱ የራሳቸውን ሥራዎች መቅረጽ ይፈልጋሉ። ክራር የሚጫወቱ ሁለት ልጆችም ሊቀላቀሉን ጠይቀዋል። ግጥም የማይጽፍ፣ ዘፈንም የማይሞክር፣ ግን ማዳመጥ የሚወድ ተማሪም መመዝገብ ይችላል።