እህት ዓለም፣ ዘግይቼ ጻፍኩልሽ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። እናትሽ ያረፉ ጊዜ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። አንቺ ከዴንማርክ መምጣት አልቻልሽም። ያኔ እዚህ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በቴሌግራም መጻፍ አልተቻለም። ደውዬ ማውራት ደግሞ ከበደኝ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ኋላማ ምን ብዬ ልጀምር? አፈርኩ። ይቅር በዪኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ዛሬ ብዕር ያስነሱኝም እሳቸው ናቸው። ያ ሳሎን ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለው የምስክር ወረቀታቸው ትዝ ይልሻል? በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ፊደል ያስቆጠራቸው። በኩራዝ፣ ልጅ አዝለው። ሥራ አላገኙበትም። ገቢያቸው አልጨመረም። ግን የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ከጦር ግንባር የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ብቻቸውን ዝም ብለው ያነቡት ነበር። ከዚያ ነው ለእናትየው ድምፅ አውጥተው የሚያነቡላት። ይኼን ያስተማራቸው የለም።

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ጎረቤት «እንግዲህ ማን ያነብልናል?» ብላ አለቀሰች። እኔን ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ያ ነው። አርባቸው እንደወጣ ሽምብጥ ሰፈር እድር ቤት ውስጥ የማታ ትምህርት ጀመርን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። በ11 ሰው ተነሥተን አሁን 34 ደርሰናል። ጣና ዳር አሣ የምትጠብስ አለች። ሁለት ዘበኞች አሉ። አንዲት እናት ዳዊት ራሳቸው መድገም ይፈልጋሉ፤ ሌላ ምንም አይፈልጉም። ከዘጌ ቡና እያመጣች የምትሸጥ ደግሞ አለች፤ ባንክ ሄዳ በአውራ ጣት መፈረም ሰልችቷታል። የቡና ለቀማ ሲደርስ እሷ ትጠፋለች፤ እንጠብቃታለን። የሚያስተምሩት ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሚመጡ ልጆች ናቸው፣ በነፃ። የሚከፈላቸው ሻይ ብቻ ነው።

ችግሩ ገንዘብ ነው። ጠመኔው፣ ደብተሩ፣ መብራቱ ከኪሳችን ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ድጋፍ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ድርጅት ማመልከቻችንን ተቀብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ «ከሠለጠኑት ስንቱ ሥራ ይይዛል?» እውነቱን ጻፍን። ማንም። ይጽፋሉ፣ ያነባሉ፣ የመድኃኒት መመሪያ ይገባቸዋል አልን። አልተሰጠንም። አንዱ ሰው «ልብስ ስፌት ብለሽ ጻፊው፣ ያልፋል» ብሎ መከረኝ። እምቢ አልኩ። ልብስ ስፌት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች የጠየቁት ፊደል ነው።

ስፈልግ ብዙ ተማርኩ። የጃፓን ኤምባሲ ለትንንሽ የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ድጋፍ አለ። ክፍል ለመሥራት፣ ዕቃ ለመግዛት ጥሩ ነው፤ ለመምህር አበልና ለወር ወጪ ግን አይሆንም። የካናዳም ለአገር በቀል ድርጅቶች የሚሰጥ ፈንድ አለው፤ ማስታወቂያው ሲወጣ መጠበቅ ነው። የጀርመኑ ዲቪቪ ኢንተርናሽናል በጎልማሶች ትምህርት ላይ እዚህ አገር ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ ግን በአብዛኛው ከመንግሥት ቢሮዎች ጋር ነው። ለእኛ ገንዘብ ባይሰጡም የማስተማሪያ ዘዴያቸው ጠቅሞናል። መንግሥትም ራሱ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚለው አለው፤ ንባቡን ከእርሻና ከጤና ጋር ያያይዘዋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ።

አሁን ወደ አንቺ አገር ልምጣ። አውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ የሚባል ትልቅ ፕሮግራም አለው። እ.ኤ.አ ከ2021 እስከ 2027 የተያዘለት በጀት ወደ 26 ቢሊዮን ዩሮ ነው። በውስጡ ለጎልማሶች ትምህርት ብቻ የተለየ ክፍል አለ። ልብ በዪ፣ የሙያ ሥልጠና ሌላ ክፍል ነው። እስከ 2013 እ.ኤ.አ ይኼ ዘርፍ በራሱ ስም ግሩንትቪ ተብሎ ይጠራ ነበር። መምህራንን፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ጎልማሳ ተማሪዎችን ሳይቀር ከአገር አገር ይልካል። ግን የሚያመለክተው የኅብረቱ ወይም ከፕሮግራሙ ጋር የተቆራኘ አገር ድርጅት ነው። እኛ በቀጥታ አንገባም። ሳነበው ሆዴ ባባ።

ስሙ ግን አልለቀቀኝም። ግሩንትቪ ማነው ብዬ ፈለግኩ። ለካ የእናንተው የዴንማርክ ቄስ ነው፤ ከ1783 እስከ 1872 የኖረ። ገበሬው በገዛ ቋንቋው፣ በውይይት ይማር የሚል ሰው። በላቲን ከሚሸመደደው ይልቅ የሰው ድምፅ ይበልጥበት ነበር። ያንን ሐሳብ የተቀበሉ ሰዎች በ1844 ሮዲንግ ላይ ለአዋቂዎች የመጀመሪያውን የሕዝብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ፈተና የለም፣ ማዕረግ የለም። ወንዶቹ ወጣቶች እርሻ በሚቀዘቅዝበት በብርዱ ወራት ይገቡ ነበር። ይኼን ሳነብ የዘጌዋ ቡና ሻጭ ታወሰችኝ። እናትሽም ታወሱኝ።

ለዚህ ነው የምለምንሽ። እናንተ ዘንድ ሲሱ የሚባል የማኅበራት ኅብረት አለ፤ መቀመጫው ኦርሁስ ነው። ከዴንማርክ መንግሥት የልማት ገንዘብ ተቀብሎ ለዴንማርክ ማኅበራት ያከፋፍላል። ግን ማኅበሩ በእኛ ዓይነት አገር አጋር ሊኖረው ይገባል። አጋሩ እኛ እንሁን። ለእኛ የጎደለን እዚያ ያለ ማኅበር ነው። የቤተክርስቲያንሽ ማኅበር፣ የሐበሾች ማኅበር፣ የሠፈርሽ የንባብ ክበብ፣ ማንም ይሁን፤ መመዝገቡንና መመዘኛውን ብቻ ጠይቂልኝ። ሌላም አለ። ሄልሲንገር ከተማ ከ1921 ጀምሮ ያለ፣ የዓለም ሰው በእንግሊዝኛ አብሮ የሚማርበት የሕዝብ ትምህርት ቤት አለ። ከእኛ መምህራን አንዷ ለጥቂት ወራት እዚያ ብትቆይ፣ ከእነሱም አንድ ሰው እዚህ መጥቶ እድር ቤታችን ቢቀመጥ ብዬ አስባለሁ። ወጪውን የሚሸፍን መንገድ ካለ ጽፈሽ ጠይቂያቸው።

በእኛ በኩል ቤቱን እያሰናዳን ነው። ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ገንዘብ አይላክለትምና ማኅበር ሆነን ለመመዝገብ ወረቀቱን ጀምረናል። አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ እኛ ቢሮም የለንም፣ እዚያ አንደርስም። ሒሳቡን በየወሩ እድር ላይ እናነባለን። ማን ስንት ጠመኔ እንደገዛ ሁሉ ይሰማል።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። ድንኳን ውስጥ ያለቀሰችው ጎረቤታችሁ ናት የጻፈችው። «ለእማማ ልጅ። እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። «ጽ»ን ሦስት ጊዜ ሰርዛ ነው የጻፈችው፤ አዲስ ወረቀት ስሰጣት አልፈልግም አለች። የእናትሽ ምስክር ወረቀት አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ወንድምሽ ለክፍላችን ልስጣችሁ ብሎኛል። ያላንቺ ፈቃድ አልነካውም። በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ መልሺልኝ።

ስልኬ የድሮው ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደውዪ፣ ከክፍል እወጣለሁ።

እህትሽ