ያቺን ወረቀት ላንብብላቸው?

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? መጥፋቴን አውቃለሁ። 2 ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ብቅ ስል ምን እንደምትዪ ይገባኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰበብ አልደረድርም። የጻፍኩልሽ ስለቸገረኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለተማሪዎቼ አንድ የጽሑፍ ሥራ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ዓመት እናንተ ክፍል ለሚገባ ልጅ ምክር ጻፉለት አልኳቸው። 42 ወረቀት ሰበሰብኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳነበው ቅር አለኝ። «ጠንክረህ አጥና። ጊዜህን በአግባቡ ተጠቀም። ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ።» አብዛኛው ይሄው ነው። ስህተት የለበትም። ግን ለዚያ ልጅ አልተጻፈም። የተጻፈው ለእኔ፣ ማርክ ለምሰጠው ሰው ነው።

ልጁን ማንም አላየውም። ጊዜውን በአግባቡ መጠቀም እንዳለበት እሱ ራሱ መች ጠፍቶት! የቸገረው ከየት እንደሚጀምር ነው።

አንዲት ልጅ ብቻ አየችው። ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። እንዲህ ብላለች፦ «የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ሊከብድህ ይችላል። እኔም ወድቄ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፈህ ቦርሳህ ሥር አትደብቀው። በዚያው ቀን ከተሳሳትካቸው አንዱን ብቻ ምረጥና መምህሩን ጠይቅ። ሁሉንም ልጠይቅ ካልክ አንዱንም ሳትጠይቅ ትቀራለህ።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መቼ፣ ምን፣ ለምን፣ ሁሉም አለ። ደግሞ የራሷን መውደቅ አልደበቀችም። አንባቢው የሚያምናት እዚያ ላይ ነው። ያጣጠፈችው ወረቀት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ሌሎቹ ደግሞ «አለብህ»፣ «የግድ»፣ «ምንጊዜም» አብዝተዋል። ጃክ ብሬም የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. የጻፈው ትዝ አለኝ። ሰው ነፃነቱ የተነካበት ሲመስለው የታዘዘውን መግፋት ያምረዋል ነው የሚለው። አንቺን ሳያውቅሽ ነው የጻፈው! «የግድ ነው» ሲሉሽ ቦርሳሽን አንስተሽ የምትወጪውን ሴት።

ሥራውን ልተወው ነበር፤ ግን አልቻልኩም። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ወደ 2,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ነው። ከመካከላቸው በዕድሜ ለሚያንሷቸው ተማሪዎች ለጥቂት ደቂቃ ምክር እንዲጽፉ የተደረጉት፣ የራሳቸው ውጤት ካልጻፉት ተሻለ። ምክር ለጻፈውም ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ እንደገና ይጻፉ አልኩ። ግን ጥሩ ምክር ምን እንደሚመስል በቃል ከማስረዳ ባሳያቸው ይሻላል። እና…

እንዴት እንደምልሽ አላውቅም። ያን ሌሊት በበሩ ሥር ያስገባሽልኝ ወረቀት አሁንም አለኝ። «ዛሬ ምንም አትወስን። ጠዋት ተነሥተህ ፊትህን ታጠብ። ከዚያ ለእናትህ ብቻ ደውል፤ ለሌላ ለማንም መናገር የለብህም። እስከ አራት ሰዓት ደጅ ነኝ።»

ያላነበብኩት መስሎሽ ነበር፤ አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ። ያልሽውንም አንድ በአንድ አድርጌዋለሁ። እስከ አራት ሰዓት መስኮቱ ጋ ቆሜ አይቼሻለሁ፤ ወጥቼ ላናግርሽ ግን አፈርኩ። ከዚያ በኋላ አንስተነው አናውቅም።

አሁን ሳየው «በርታ» የምትል ቃል እንኳ የለችበትም። ሌላው ሰው ሁሉ በርታ ሲለኝ ነበር። አንቺ የፈራሁት ሰው ፊት ማውራትን መሆኑን አወቅሽ። አንድ ሰው ብቻ መረጥሽልኝ። ተማሪዎቼ እንዲያዩ የምፈልገው ይህንን ነው። መጀመሪያ ልጁ ምን እንደፈራ እንዲያስቡ፣ ከዚያ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ነገር እንዲሰጡት።

ላንብብላቸው? ስምሽን አላነሳም፤ የእኔንም ጉዳይ አልዘረዝርም። አይሆንም ካልሽ አልቀየምም፤ ወረቀቷ ያንቺም ናት። ክፍል የምገባው ሐሙስ ጠዋት ነው። እስከዚያ አንድ መስመር ላኪልኝ። ወይም ደውዪ። ድምፅሽ ናፍቆኛል። ይሄን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ።

ያንቺው