ጉዳዩ፦ በጨው ውሃ አኳሪየማችሁ ውስጥ ስለሚወጣው ልጋግና አልጌ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቅርብ ጊዜ ከብዙዎቻችሁ በስልክ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ አሸዋው ላይ ቀይ ወይም ቡናማ ልጋግ ተነጥፏል፣ ዛሬ ተጠርጎ ነገ ይመለሳል፣ የሚጨመርበት መድኃኒት ካለ ላኩልን የሚል ነው። በስልክ የምንሰጠው መልስ አጭር እየሆነ ስላልበቃችሁ፣ ነገሩን በዚህ ደብዳቤ ከሥሩ ለማስረዳትና ከእንግዲህ ለልጋግ አንቲባዮቲክ የማናቀርብበትን ምክንያት ለመግለጽ እንወዳለን።

ሁሉም በአንድ ስም «አልጌ» ቢባልም፣ የምትልኩልን ፎቶዎች የሚያሳዩት ፈጽሞ የተለያዩ ፍጥረታትን ነው። ወይን ጠጅ ወይም ደማቅ ቀይ ሆኖ አሸዋውንና ድንጋዩን የሚሸፍነው፣ ጫፉን ይዘው ሲስቡት እንደ ስልባቦት ተያይዞ የሚነሳው ሽፋን ሳይኖባክቴሪያ ይባላል፤ እንደ ተክል ብርሃን የሚመገብ ይሁን እንጂ በተፈጥሮው ባክቴሪያ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ ያደረገው የዚሁ ወገን ዘመድ ነው። ይህ ፍጥረት የሚወደው ውሃው የማይንቀሳቀስበትን ጥግ፣ የምግብ ትራፊና የዓሣ ኩስ የተጠራቀመበትን አሸዋ ነው። ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ ስለሚችሉ፣ በውሃው ውስጥ ከምግብ ትራፊና ከኩስ ከሚመጡት ንጥረ ምግቦች ናይትሬት ጠፍቶ ፎስፌት ብቻ ሲቀር ሌሎቹ ሲራቡ እነርሱ ይሰፋሉ።

አዲስ በተተከለ አኳሪየም ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ቡና ዱቄት የሚነሰነሰው ቡናማ ነገር ግን ዳያቶም የሚባል ረቂቅ ፍጥረት ነው። በጣት ሲነካ ይበናል እንጂ አይያያዝም። ቅርፊቱን የሚሠራው ብርጭቆ ከሚሠራበት ማዕድን ከሲሊካ ሲሆን፣ በአገራችን ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ሲሊካ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ጨዉን በቧንቧ ወይም በሮቶ ውሃ በቀጥታ የሚበጠብጡ ደንበኞቻችን ይህን ቡናማ አቧራ ለረጅም ጊዜ ያዩታል። በተጣራ ውሃ የሚሞላ አኳሪየም ላይ ሲሊካው ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ የማጣሪያችሁ የመጨረሻው ካርትሪጅ አልቆበታል ማለት ነውና እንቀይርላችኋለን።

ከሁሉ የሚያሳስበን ሦስተኛው ነው። ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ረቂቅ ፍጥረት ሲበዛ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ፣ ክር እየሠራ ወደ ላይ የሚንሳፈፍና በየክሩ ጫፍ የአየር አረፋ የሚይዝ ነው፤ ሌሊት ይሳሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ ይወፍራል። አንዳንድ ዝርያዎቹ መርዛማ በመሆናቸው ቀንድ አውጣዎቻችሁ ያለ ምክንያት መሞት ከጀመሩ ይህንን ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ዜሮ በወረዱበት፣ ማለትም እጅግ በጸዳ ውሃ ውስጥ ነው። ለቀዩ ልጋግ የሚበጀው ደጋግሞ ውሃ መቀየርና ፎስፌት መምጠጥ ይህኛውን ያባብሰዋል። ለመለየት ከልጋጉ ጥቂት ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር በጠርሙስ አድርጋችሁ በኃይል በጥብጡ፣ በሶፍት አጥልላችሁ የጠለለውን ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ብርሃን ላይ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ ጥርት ብሎ የነበረው ውሃ እንደገና ክርና ጓል ከሠራ ዳይኖፍላጀሌት መሆኑ አይቀርም።

አንቲባዮቲክን ስለ ተውንበት ምክንያት በግልጽ እንናገር። ኤሪትሮማይሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ሳይኖባክቴሪያን ይገድላሉ፤ ዳያቶምንና ዳይኖፍላጀሌትን ግን አይነኩም፤ ውሃውን የሚያጣሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ሊጎዱ ይችላሉ። የሞተው ልጋግ ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅን ይበላል። ከባሕር ጠረፍ አገሮች ይልቅ ለእኛ ይህ የከፋ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ያለ የባሕር ውሃ በባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር 7 ሚሊግራም የሚጠጋ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 5 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ዓሦቻችሁ ከመጀመሪያውም በጠባብ መጠባበቂያ ይተነፍሳሉ ማለት ነው። ከዚህ ቀደም እኛው በሰጠነው መድኃኒት ልጋጉ በአንድ ቀን ሞቶ፣ ሌሊት ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ፓምፑ በመቆሙ የአንድ ደንበኛችን ዓሦች ከንጋት በፊት አልቀዋል። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ልጋጉን ሳንለይ፣ የከተማችንንም አየር ሳናስብ ነው የሰጠነው።

ስለዚህ ቀይ ልጋግ ሲሆን የምንመክራችሁ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሽፋኑ ተያይዞ ባለበት በቀን ሰዓት በቀጭን ጎማ እየሳባችሁ አውጡት እንጂ በብሩሽ አትበትኑት፤ የተበተነው ሌላ ቦታ ይተከላል። የሚወጣው ውሃ ለሳምንቱ ቅያሪ ይቆጠርላችሁ፤ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ በቂ ነው። የፓምፑን አፍ ልጋጉ ወደሚተኛበት ጥግ አዙሩ። በረዶ የሆነ ምግብ ስትሰጡ በወንፊት አለቅልቃችሁ ቀልጦ የወጣውን ውሃ ድፉ፤ በእርሱም ውስጥ ፎስፌት አለ። ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢሆን መልካም ነው፤ ሁለቱንም ዜሮ ለማድረግ አትጣሩ። ከዚህ በኋላ ልጋጉ ካልቀነሰ የአኳሪየሙን መብራት ለ3 ቀን አጥፍታችሁ መስተዋቱን በጨርቅ ሸፍኑ። ዓሦችና ጤነኛ ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት የባሕር እንስሳት) ይህን ይችላሉ፤ ነገር ግን በእነዚህ ቀናት ስኪመሩ (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) እና የአየር ፓምፑ ለአንድ ሰዓት እንኳ መቆም የለባቸውም፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የሌላችሁ አትጀምሩት።

ፀጉር የሚመስለው አረንጓዴ አልጌ እውነተኛ አልጌ ነው፤ በእጅ እየነቀሉ፣ መብራቱን በቀን ወደ 8 ሰዓት እያሳጠሩና ቀንድ አውጣ እየጨመሩ ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክ ለብዙ ሰዓታት ከተቋረጠ በኋላ ዝግ ማጣሪያ (ክዳኑ ታሽጎ ውሃ በፓምፕ የሚያልፍበት) ያላችሁ ደንበኞቻችን፣ በውስጡ ቆሞ የከረመውን፣ ኦክስጅን ያለቀበትን ውሃ ሳትደፉ እንዳታስነሱት አደራ እንላለን።

ልጋጉን መለየት ካቃታችሁ ሳትጠርጉት ፎቶ አንስታችሁ፣ ጥቂቱንም በንጹሕ ጠርሙስ ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር አምጡልን፤ በማይክሮስኮፕ አይተን በዕለቱ እንነግራችኋለን፣ ለዚህም ክፍያ አንጠይቅም። ቀደም ሲል ከእኛ የገዛችሁት አንቲባዮቲክ ተርፎ ከሆነ በፍሳሽ ቱቦ ሳትደፉት መልሱልን፤ ዋጋውን እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍል