ቀዶ ህክምናው የደረሰልን በ11ኛው ቀን ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አንጎሉና ህብለ ሰረሰሩ (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ላይ በተተከለ መሣሪያ እንደገና ስለተራመደው ኔዘርላንዳዊ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አነበብነው። እሱ ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ዊልቸር ላይ ከዋለ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

መሣሪያውን የሠሩት የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረጉት ሥራ በእውነት ያስደንቃል። ግን ገና ምርምር ነው። ሰውየው የሚራመደው በክራንች ተደግፎ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩም ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም ነበር። እኔን የቆጨኝ፣ ዛሬም በእጃችን ስላለው ቀዶ ህክምና አንድ መስመር አለመጻፉ ነው።

አከርካሪ ተሰብሮ ወይም ተንሸራቶ ህብለ ሰረሰርን ሲጫነው ጉዳቱ በዚያች ቅጽበት አያበቃም። ህብለ ሰረሰሩ ያብጣል፣ ደም ያጥረዋል፣ ከመጀመሪያው ምት የተረፉት ህዋሳትም በየሰዓቱ ይሞታሉ። ሐኪሙ የሚጫነውን አጥንት ያነሳል፤ አከርካሪውን አቃንቶ በብሎን ያስረዋል። ይህ መቼ ተሠራ የሚለው ነው ትልቁ ነገር። በካናዳዊው ሐኪም ማይክል ፌሊንግስ የተመራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አንገታቸው ላይ የተጎዱ ሰዎችን አወዳድሯል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከተሠራላቸው ከ100 ሰው 20 ያህሉ በስድስት ወር ትልቅ መሻሻል አሳዩ። ከዚያ ዘግይቶ ከተሠራላቸው ግን 9 ያህሉ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ1,500 በላይ ታካሚዎችን መረጃ ያጣመረ ሌላ ጥናትም የደረሰው እዚያው ነው። ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም። ግን አንድ እጅ ማንቀሳቀስ፣ በራስ መጉረስ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወንድሜ ሥራ ላይ እያለ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። ጓደኞቹ ደንግጠው እጅና እግሩን ይዘው አነሱት፤ ሚኒባስ ውስጥም አጥፈው አስተኙት። ክፋት የለባቸውም፣ የነገራቸው የለም። የመጀመሪያው ሆስፒታል ሪፈር ጻፈ። ሁለተኛው አልጋ የለም አለ። ሦስተኛው ተቀበለን፣ ግን ኤምአርአዩ ተበላሽቶ ስለነበር ወደ ግል ላኩን። ከዚያ ለብሎኑ ገንዘብ ከዘመድ አዝማድ ስንለቃቅም 11 ቀን አለፈ። ቀዶ ህክምናው ያኔም ጠቅሞታል፤ ዛሬ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው በእሱ ነው። እግሩ ግን አልተመለሰም።

ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሠሩለት እነሱ ናቸው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመረ ስንት ዓመት ሆነ። ባለሙያው አለ። ሰው የሚጎዳው መንገድ ላይ፣ ሪፈር ወረቀት ላይ፣ ካሸር መስኮት ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ሰው እንዴት እንደሚነሳ ጻፉልን፦ አንገቱ ሳይጣመም፣ ጀርባው ሳይታጠፍ፣ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ፣ ቢቻል አምቡላንስ ተጠብቆ። ሁለተኛ፣ ጋዜጠኛ ልካችሁ ሆስፒታሎቻችንን ጠይቁልን፦ አከርካሪው የተሰበረ ሰው ከደረሰ በኋላ ኦፕሬሽን ክፍል እስኪገባ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የሚነግሯችሁን ቁጥር እንዳለ አትሙት።

የታካሚው እህት፣ ከአዲስ አበባ