ከኋላ የተለጠፈው «ኢኮ» እና የዓባይ በረሃ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ያገለገሉ ቅንጡ መኪኖች ማስታወቂያ ላይ «ኢኮ»፣ «ሃይብሪድ»፣ «ብሉኢፊሸንሲ» የሚሉት ቃላት ዋጋ ማስጨመሪያ ሆነዋል። ጎጃም ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህ መኪናው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን መለየት ስለሚያስፈልግ ይህን ጻፍን።

ሁሉም ውሸት አይደለም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ቱርቦ ይህን ያካክሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ባለ ቱርቦ ሞተር ለእኛ አገር ዳገት ይስማማል። የሊትሩ ቁጥር ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት ለአውሮፓ የተሠሩ መኪኖች ፍጆታ የተለካው ቤት ውስጥ፣ ሮለር ላይ፣ 20 ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ 11 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው። ዳገት የሚባል አላየም።

ሃይብሪድ (የነዳጅና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የያዘ መኪና) ዓባይ በረሃ ላይ የሚያሳየውን ጠባይ የሚያስረዳ ደላላ ደግሞ የለም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከሶኬት የማይሞላው የተለመደው ሃይብሪድ ባትሪ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ የሚይዘው ከስንት አንዱ ነው፤ ከዚያም የሚሠራበት ግማሹ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጋመስ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ የኤሌክትሪክ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተውና ሸክሙ ፍሬን ሸራ ላይ ያርፋል። ፔዳሉ እየለሰለሰ ከወረደ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። መፍትሔው ገና ከላይ ማርሹን «ቢ» ወይም «ኤስ» ላይ ማድረግ ነው። የቤንዚን ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጡ፤ መኪናውን ይዞላችሁ ነው። እርጥበት የሳበ የፍሬን ዘይት ቶሎ ስለሚፈላ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድም ይቅር። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሣ የዛሬ ሞተር ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮቹን ይዘጋል፤ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል።

መኪናው ሲቆም ሞተር የሚያጠፋው ሲስተም «ኤጂኤም» የተባለ ወይም ሌላ ለዚሁ የተሠራ ባትሪ ይፈልጋል። ተራ ባትሪ ከተገጠመለት ቶሎ ይሞታል። (ለነገሩ ከደጀን ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሰው ይህ ሲስተም የሚቆጥበው ነገር ኢምንት ነው።)

ናፍጣ ከሆነ ዋናው ነገር የጥቀርሻ ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው ራሱን ለማጽዳት 600 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት በሚል አጭር ጉዞ እዚያ አይደርስም፣ ይደፈናል። ማጽዳቱ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ናፍጣው ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ ከላይኛው ምልክት አልፎ ካያችሁት፣ ናፍጣም ናፍጣ ከሸተተ፣ ይኸው ነው። አንዳንዱ ሻጭ ማጣሪያውን አስቆርጦ ያወጣዋል። ለማወቅ ነጭ ጨርቅ በጣት ላይ ጠቅልሎ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከውስጥ መጥረግ ነው፤ ማጣሪያው ካለና ጤነኛ ከሆነ ጨርቁ ብዙም አይቆሽሽም፣ ከጠቆረ ግን ወይ ወጥቷል ወይ ተሰንጥቋል።

«ብሉቴክ» የተባሉት የናፍጣ መኪኖችና መሰሎቻቸው አብዛኞቹ ከናፍጣው ሌላ «አድብሉ» የተባለ የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ ይጠጣሉ፤ 32.5 በመቶ ንጹሕ ዩሪያ፣ የቀረው የተጣራ ውሃ። ሊያልቅ ሲል ኮምፒዩተሩ ቀሪውን ኪሎ ሜትር ይቆጥርና ካለቀ ሞተሩን አላስነሣም ይላል። የማሳ ማዳበሪያ ዩሪያ በጥብጦ መሙላት አይሆንም፤ ባዕድ ነገር ስላለበት መርጫውን ይደፍናል፣ ጭሱን የሚያጸዳውን ካታሊስትም ያበላሻል።

በመጨረሻ፣ ጽሑፉ ራሱ ለብቻው ተሸጦ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነው። ሞተሩን የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ኮዱ ነው። የመኪና ማስታወቂያ ስትቀበሉ ከ«ኢኮ» ጎን የሞተር ኮዱም እንዲጻፍ ሻጩን ብትጠይቁልን።

ከመኪና ጥገና ባለሙያዎች፣ ደብረ ማርቆስ